ዓይኔን ጨፍኜ ያነሳሁት አውሮፕላን

ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያነሳው ፎቶ የማን ነው? ይህን ራሴን ከጠየቅሁ ቆይቷል፤ እስካሁን መልስ የለኝም። ካሜራው የእኔ ነው፤ ቁልፉን የተጫነውም የእኔው ጣት ነው። እኔ ግን አላየሁም። ያላየሁትን ነገር “አነሳሁት” ለማለት አፌ እሺ አይለኝም። ፎቶው ግን ሸዋ ሮቢት በምሠራበት ትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ፣ ከሥሩ ስሜ ተጽፎበት ከዓመት በላይ ተሰቅሎ ኖሯል።

አውሮፕላን ልብ ብዬ ያየሁት ማሽላ ስጠብቅ ነው። ያደግሁት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ ነው። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ወፍ እከላከላለሁ። አንድ ዓመት የግሪሳ ወፍ መንጋው በወንጭፍ የማይመለስ ሆኖ መጣና መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ አውሮፕላን ተላከ። ከብት አስገቡ፣ እናንተም ቤት ግቡ ተብሎ ነበር። እኔ ከማማው አልወረድኩም። በላዬ ሲያልፍ ከክንፉ ሥር ትልልቅ ጥቁር ጽሑፍ አየሁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ማንበብ አልችልም። የገረመኝ መብረሩ አይደለም፤ ግሪሳውም ይበራል። የገረመኝ፣ ያን ጽሑፍ እዚያ የጻፈው ሰው ከታች ማን እንዲያነብለት አስቦ ነው የሚለው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ የክንፉ ጽሑፍ በእኛ ፊደል እንዳልነበረ ገባኝ፤ ስለዚህ ቀጠልኩ። አንዳንዴ ሥራ እያቋረጠኝ፣ አንዳንዴ ሕመም እያቋረጠኝ፣ ዲፕሎማዬን ስይዝ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሬ መጻሕፍት መሐል ተቀመጥኩ። ስለ አውሮፕላን የሚያወራ መጽሐፍ ሲመጣ ቁጥር ሰጥቼው መደርደሪያ ላይ ከማኖሬ በፊት አንድ ሌሊት ቤቴ ያድራል።

ካሜራውን የገዛሁት አሮጌውን በአዲስ ከለወጠ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ምን ላነሳበት እንደፈለግሁ ስነግረው ሳቀ።

“እህቴ፣ ሙሽራ ቁሚ ስትባል ትቆማለች። አውሮፕላንን ማን ቁም ይለዋል? መጀመሪያ የሚሮጥ ነገር ፈልጊና ተለማመጂ።”

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሚሮጥ ነገር ባጃጅ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት ደሴ መንገድ ዳር እቆማለሁ። ጠዋት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ ከአስፋልቱ ወላፈን ይነሳና ሌንሱ የሚያየው ሁሉ ውኃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ይህንንም ያወቅሁት ሃያ ፎቶ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ሥራው ከወገብ መዞር ነው። ባጃጁ ሲመጣ አብሬው እዞራለሁ፣ ከእሱ አልቀድምም፣ አልዘገይም፣ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ከተጫንኩም በኋላ መዞሬን አላቆምም። ግን አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። ባጃጆቹ ሁሉ እኔ ጋ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ።

በሦስተኛው እሑድ አንዱ ጭራሽ ቆመ።

“እትዬ፣ ሦስት ሰው ብቻ ነው የጫንኩት። ይኸው፣ ቁጠሪ!”

“እኔ ምን አገባኝ?”

“ታርጋ የምትመዘግቢው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ሰው ሁሉ እኮ አንቺን ፈርቶ መንጃ ፈቃዱን ኪሱ አድርጎ ነው የሚውለው።”

“አውሮፕላን ለማንሳት እየተለማመድኩ ነው።”

ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ ተሳፋሪዎቹን አያቸው። “ሰማችሁ? አውሮፕላን ላይ ናችሁ፤ ቀበቶ እሰሩ!” አለና ተፈተለከ። ከዚያ ወዲያ አንድም ባጃጅ ቀስ አላለልኝም። እንዲያውም ሲያዩኝ ይብስ ይፈጥኑ ነበር።

ቢሾፍቱ ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የአየር ትርኢት እንዳለ ስሰማ ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። በር ላይ የሚፈትሸው ሰው ካሜራዬን አገላብጦ አየና “ጋዜጠኛ ነሽ?” አለኝ።

“አይደለሁም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ።”

“ታዲያ አውሮፕላን ምን ያደርግልሻል?”

“ምንም።”

ትንሽ አሰበበትና አሳለፈኝ።

ደብተር ይዤ ነበር። የትኛው ከየት እንደተነሳ፣ በየት በኩል እንደዞረ፣ ፀሐዩ ከየት እንደሚመታው እየጻፍኩ አነሳለሁ። ባለ ማራገቢያዎቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ባጃጅ ያስተማረኝን ያህል እሺ አሉኝ። ጄቱ ግን ሌላ ነው። ድምፁ ከኋላው እንደሚከተለው አንብቤያለሁ፤ ማንበብና ጆሮ ላይ ሲፈነዳ መስማት ለየቅል ነው። ሁላችንም ወደ ፊት ስናይ እሱ ከጀርባችን መጣ። ሰማዩ የተቀደደ መሰለኝ። “እመቤቴ!” አልኩና ቁጢጥ አልኩ፤ ዓይኔን ግጥም አድርጌ ጨፈንኩ፤ እጄ ካሜራውን ጨመደደው። ስገልጥ ሰው ያጨበጭባል፤ አውሮፕላኑ የለም።

ስመለስ አውቶብስ ውስጥ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ነው። የሚበዛው ባዶ ሰማይ ነው፤ ጭራም አለ፣ የሰው ባርኔጣም አለ። አንዱ ላይ ስደርስ አጉልቼ አየሁት። ጄቱ በጎኑ ተኝቷል፣ አንዱ ክንፉ ወደ መሬት ወርዷል፣ የአብራሪው የራስ ቁር ወደ እኛ ዞሯል፤ ከዳር እስከ ዳር ጣት የምታህል እንኳ አልተቆረጠችበትም። ቁጢጥ ባልኩበት ሰዓት የተነሳው እሱ ነው። ልሰርዘው ብዬ፣ ጣፎን እስካልፍ ድረስ ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼው የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር ሲያዩት “አንቺ ነሽ ያነሳሽው?” አሉኝ።

“በእኔ ካሜራ ነው የተነሳው” አልኩ።

ያልኩት ትክክል ነበር። ያሳፈረኝም ትክክልነቱ ነው። ርዕሰ መምህሩ ፎቶውን አሳድገው አሳተሙት፣ ሰቀሉት፣ አዲስ ጎልማሳ ተማሪ በመጣ ቁጥር ፎቶው ፊት እያቆሙ ይናገሩ ጀመር። “እሷም እንደ እናንተ ዘግይታ ነው የጀመረችው። ዓይኗን ሳትነቅል ጠብቃ ይኸው በሰከንድ የሚያልፈውን ያዘችው!” እኔ አንገቴን ደፍቼ የመጽሐፍ ካርድ አስተካክላለሁ። ዝም ማለት ልማዴ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም።

ጎልማሶቹ የሚማሩት ቅዳሜና እሑድ ነው። ከመሐላቸው ከጀውሃ የሚመላለሱ ሴት አሉ፤ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ያበስላሉ፣ ዕድሜያቸው ከእኔ ከፍ ይላል፣ ሰባተኛ ክፍል ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጻሕፍቱን በዘንቢል ተሸክመው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ከመሩት።

“ተረከቢኝ። ሰባቱንም።”

“አልጨረሱም እኮ፣ እትዬ። ፈተና ገና ነው።”

“በቃኝ። ሒሳብ ራሴን አዞረኝ። ለልጆቼም ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ድስቴን ነው የማየው።”

“ሁሉም መጀመሪያ ይከብደዋል።”

“አንቺማ ምን አለብሽ!” ወደ ግድግዳው በአገጫቸው አመለከቱ። “አንቺን የሚበር አውሮፕላን አላመለጠሽ። እኔን ጥቁር ሰሌዳ ቆሞልኝ ያመልጠኛል።”

ካርዶቻቸውን አወጣሁ። በእያንዳንዱ ላይ “ተመልሷል” ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አንዱን ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ እስክሪብቶው አልሄድ አለኝ። ሰባቱንም ከጻፍኩ እኚህ ሴት ከዚህ በር እንደሚወጡና እንደማይመለሱ፣ ይህን ያደረገውም የእኔ ዝምታ እንደሆነ አወቅሁ።

“ዓይኔን ጨፍኜ ነበር” አልኩ።

“መቼ?”

“ያን ሳነሳ። ደንግጬ ቁጢጥ ብዬ ነበር። አላየሁትም።”

“ቁጢጥ?”

“አዎ።”

“እንዴት አድርገሽ?”

ተነሳሁ። በሁለቱ መደርደሪያዎች መሐል፣ የሥራ ቀሚሴን እንደለበስኩ፣ ቁጢጥ አልኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ እጄን ደረቴ ላይ ጨበጥኩ። ስገልጥ ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሳቁ አልወጣም፣ እንባው ግን ወርዷል። ድንገት ሳቁን ተዉት።

“ዓመት ሙሉ ዝም አልሽ?”

“አዎ።”

“እኔ እዚህ ፎቶ ሥር ቆሜ ስንቴ ራሴን እንደሰደብኩ ታውቂያለሽ? ‘አንቺ ድንጋይ፣ ሰው እንዲህ ያደርጋል’ እያልኩ?”

ይቅርታ ልል ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

“ሌሎቹስ የት አሉ? አንድ ብቻ አላነሳሽም መቼም።”

ኮምፒውተሩን ከፍቼ ወንበር ሳብኩላቸው። በጽሞና ነው ያዩት። “ይሄ ምንድን ነው?” “ሰማይ ነው።” “ይሄስ?” “እሱም ሰማይ ነው።” “ይሄ ደግሞ?” “የሰውዬ ባርኔጣ ነው፣ እትዬ።” “ጥሩ ባርኔጣ ነው።” ወደ መቶው ሲጠጉ አንዲት ባለ ማራገቢያ ላይ ጣታቸውን አቆሙ፤ አፍንጫዋ ተቆርጧል፣ የቀረው ግን ጥርት ብሏል። “ይቺንስ ዓይንሽን ገልጠሽ ነው?”

“ገልጬ ነው።”

“ከቅድሞቹ ትሻላለች” አሉ፤ እንደ መምህር።

ሲነሱ ከክምሩ ውስጥ የሒሳቡን መጽሐፍ መዘዙና ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት። “ስድስቱን ተረከቢኝ። ስለዚህኛው በሚቀጥለው ቅዳሜ እንነጋገራለን።” በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር አሉ። “ለርዕሰ መምህሩ ማን ነው የሚነግራቸው? አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?”

“እኔ እነግራቸዋለሁ።”

“መቼ?”

“ሰኞ…”

“ቢሯቸው አሁን ክፍት ነው፤ ሳልፍ አይቻለሁ” አሉና ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው በሩን ይዘው ቆሙልኝ።