ተነሣ ያልሁት እጅ

መጀመሪያ ያየሁት የሰው እጅ ነው። ሞጣ፣ ታናሽ እህቴ ዘነበች ቤት ለዝክር ሄጄ ባደርሁበት ማለዳ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አንድ እጅ ተጋድሞ አገኘሁ። ቀዝቅዟል። የእሷ መስሎኝ፣ "ዘነቡ፣ እጅሽን አንሺልኝ" አልኋት። እሷ ግን በሩ ጋ ቆማ ነጠላዋን ታጣፋ ነበር።

"እትዬ፣ የራስሽ እኮ ነው" አለችኝ።

አላመንኋትም። ልነሣ ስል ወደ ግራ ወደቅሁ። ምንም አላመመኝም። ይህን ልብ በሉ። አላመመኝም።

ሆስፒታል ተወስጄ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ሐኪሟ ስትሮክ ነው አለችኝ። በአንጎሌ ቀኝ በኩል የደም ሥር ተዘግቷል፤ የግራ ጎኔ ሽባ ሆኗል፤ መነሻው ችላ ያልሁት ደም ግፊት ነው። "መድኃኒቱ ሕመሙ እንዳይደገም ነው። እጅና እግርዎን የሚመልሰው እንቅስቃሴ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዳያመልጡዎት" አለች።

የባለቤቴ ዓይን በሞራ ከተሸፈነ ቆይቷል። ቢቸና ባለው ቤታችን የእሳቸው ዓይን እኔ ነኝ። እኔ መቆም ካልቻልሁ ቤታችንን ዘግተን ሞጣ ዘነበች ዘንድ መጠጋታችን ነው። እሳቸውን ብቻቸውን ትቼ ግን ሆስፒታል መክረም አልቻልሁም። እንቅስቃሴ የሚያሠራኝ ወጣቱ ፊዚዮቴራፒስትም፣ "እማማ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከቢቸና ድረስ መመላለስ አይችሉም። አሳይቼ ልላክዎ፤ ከዚያ በስልክ እየቆጠርሁ አሠራዎታለሁ" አለኝ። ደስ አለኝ።

ጎረቤታችን ቁርስ ሰጥታን ከሄደች በኋላ ስልኩ ይጠራል። ባለቤቴ ዳብሰው ያነሡና፣ ድምፁን ከፍ አድርገው በመካከላችን ያስቀምጡታል።

"አንድ። ግራ እጅዎን ያንሡ። ተነሣ?"

"ተነሣ።"

"ጎበዝ። ሁለት።"

እጄ ሲነሣ አየዋለሁ። ክብደቱም ይሰማኛል። ባለቤቴ አብረው እየቆጠሩ ይመርቁኛል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። ልጁ ጥሩ ለውጥ ነው እያለ ቁጥሩን ጨመረልኝ።

ከዚያ ዘነበች ልትጠይቀኝ ከሞጣ መጣች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ስልኩ ጠራ።

"አንድ። ተነሣ?"

"ተነሣ።"

ዘነበች አማተበች። "እትዬ፣ ምኑ ነው የተነሣው?"

"እጄ ነዋ።"

"እጅሽ ጭንሽ ላይ ነው።"

አየሁ። ጭኔ ላይ ነበር። ከሥሩ ያለው ቀሚስ እንኳ አልተጨማደደም።

 ባለቤቴ፣ "እኔስ ዓይን የለኝም። አንቺ ምን ሆነሽ ነው?" አሉ። ዘነበች ልታስቀኝ ብላ፣ "መዝገብ ቤት ስትሠሪ እኮ፣ ያላየችውን ወረቀት አትፈርምም እየተባልሽ ትታሚ ነበር" አለች። አልሳቅሁም። አልዋሸሁም ነበር። ሲነሣ አይቻለሁ። ዛሬም ሳስበው ሲነሣ ይታየኛል።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ ፊዚዮቴራፒስቱ። "ይህ ሕመም በአንዳንድ ሰው ላይ የግራውን ጎን ከአእምሮ ይሰውረዋል። አንጎል ያልሆነውን ሆነ ይላል። አጠገብዎ ብሆን በመጀመሪያው ቀን አውቀው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የምጠይቀው እህትዎን ነው።"

ስለ ራሴ አካል ሌላ ሰው እንዲመልስ መባሉ ከበደኝ። ዘነበች ግን ያን ቀን ወደ ሞጣ አልተመለሰችም፤ እኛ ዘንድ ከረመች።

በዚያው ሳምንት አስጠርቶን ሄድን። ትከሻዬን ሲጫነው ጣቱ ገባ። አጥንቱ ከመገጣጠሚያው ወርዷል። "ይህን ስልክ አይነግረኝም" አለና ክንዴን በማንገቻ አሰረልኝ። በወር አንድ ቀን እሱ ዘንድ ልሄድ፣ ሌላውን በስልክ ልንቀጥል ተስማማን። ግራ አንጓዬ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሠረ፤ ከመቆጠሩ በፊት ጨርቁን በዓይኔ ፈልጌ ማግኘት ነበረብኝ።

አንድ ቀን ጠዋት አዛጋሁ። ቀዩ ጨርቅ ከጭኔ ተነሣ። ቀስ ብሎ ወደ ደረቴ መጣ። እኔ አላዘዝሁትም። ዘነበች፣ "በስመ አብ!" ብላ ወደ ኋላ ሸሸች። በስልክ ስንነግረው፣ "አይደንግጡ፤ ሲያዛጉ የሚሆን ነው። ግን እርስዎ ስላላዘዙት አንቆጥረውም" አለን። ያዘዝሁት አልተነሣም፤ ያላዘዝሁት ተነሣ። ያን ቀን እጄን ፈራሁት።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ዘነበች፣ "አውራ ጣቷ ተንቀሳቀሰ" ብላ ለስልኩ ጮኸች። እኔ ምንም አልተሰማኝም። አልተንቀሳቀሰም ብዬ ተከራከርሁ። እሷ ግን ልክ ነበረች፣ ከዚያም ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከተሉ፣ በግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ፣ ግራ እግሬን እየጎተትሁም ቢሆን ከመደቡ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አጥሩ ደረስሁ፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም በግራ እጄ የባለቤቴን ክንድ ይዤ በቀኜ ዱላ ተመርኩዤ ቤተ ክርስቲያን ወሰድኋቸው። ግራ እጄ ዛሬም የልብስ ቁልፍ አይቆልፍም። ቤታችን ግን አልተዘጋም።

ያለ ስልኩ እዚህ አልደርስም ነበር፤ በመንገዱ ርቀት በሁለተኛው ሳምንት እተወው ነበርና። ልጁን አመሰግነዋለሁ፤ ጥፋቱን በግልጽ ስለተናገረም ጭምር። ቤቷን ትታ አምስት ወር ከእኔ ጋር የከረመችውን ዘነበችን በቃል አመስግኜ አልጨርሳትም። በስልክ ለምትታከሙ የምለው ጥቂት ነው። ዓይኑ የሚያይ ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥ፤ መልሱንም እሱ ይስጥ። በወር አንድ ጊዜ የባለሙያ እጅ ይዳስሳችሁ። እኔ አሁንም ስጠራጠር ሰው አልጠይቅም። የምጠይቀው እርግጠኛ ስሆን ነው።