የማቲዎስ ተናጋሪ ሳጥን

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩ ከተባለ ለጥገና የመጣ ዕቃ ላይ የምለጥፋት ቁራጭ ወረቀት ናት፤ «ድምፅ የለውም»፣ «ቻርጅ አይዝም»፣ «ባለቤቷ ማክሰኞ ትመጣለች»። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት እናት ከዓለም ባንክ ሰፈር አሮጌ የእንጨት ሬዲዮ ይዘውልኝ መጡና፣ ብሎኑን ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ የሞቀ እንጨትና የአቧራ ሽታ ወጣ። ካቻቢቴውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እናትየው «ምነው ልጄ፣ ተስፋ የለውም እንዴ?» እስኪሉኝ ድረስ።

ያደግኩት ኮልፌ ነው። ቤታችንንና የጋሽ ነስሩን ሬዲዮ መጠገኛ የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። በዚህ በኩል አባቴ ሸማ ሲሠራ ዕቃው ጧ ጧ ይላል፤ በዚያ በኩል ጋሽ ነስሩ የሚሞክሯቸው ሬዲዮኖች አንዴ መንዙማ፣ አንዴ ዜና፣ አንዴ ኳስ እየቆራረጡ ይጮኻሉ። አንድ ቡድን ጎል ማግባቱን ሰምተን ማን እንዳገባ ሳናውቅ የምናድርበት ቀን ብዙ ነው።

የታላቅ ወንድሜን የማቲዎስን ዓይን በሕፃንነቱ ኩፍኝ ወስዶበታል። ማንበብ ከቻልኩበት ጊዜ ጀምሮ ዓይኑ እኔ ነበርኩ። ደጃፍ ላይ ተቀምጠን፣ እግራችንን ፀሐይ ላይ ዘርግተን፣ መጽሐፎቹን አነብለታለሁ። አማርኛው አያስቸግርም፤ እንግሊዝኛውን ግን ትርጉሙን ሳላውቅ ፊደል በፊደል ስለምለቅም ማቲዎስ በሳቅ ይፈርሳል። «ክኒፌ» ስለው «ናይፍ ነው እኮ አንቺ! ቢላ!» ይላል። እኔም ተናድጄ «ታዲያ ኬዋን ምን ሊያደርጓት ጻፏት?» እለዋለሁ።

እኔ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወድቄ ቤት በቀረሁበት ዓመት እሱ ማትሪክ አለፈና ዩኒቨርሲቲ ደረሰው፤ የአንድ ሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ የሚርቅ አገር። ቤታችን እልል ተባለ፤ እልልታው ሲበርድ ግን ጥያቄው መጣ። እዚያ ማን ያነብለታል? ማቲዎስ ራሱ «አንድ ዓመት ልቆይ» ማለት ጀመረ። አንድ ዓመት የሚቆይ ሰው ቤት እንደሚቀር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ግድግዳው ምንም አይደብቅምና በማግስቱ ጋሽ ነስሩ ሳይጠሩ መጡ። በእጃቸው የደቀቀ ላፕቶፕ ይዘዋል። «ይኼ መኪና ሄዶበት ነው። ስክሪኑ አልቆለታል። ለማቲ ደግሞ ስክሪን ምን ያደርግለታል?» አሉ። እኛ ስንደነግጥ ማቲዎስ ቀድሞን ሳቀ።

የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም እንዳለ የነገሩን እሳቸው ናቸው። የላፕቶፑን ሆድ አወጡና ከኮምፔንሳቶ የጫማ ካርቶን የምታክል ሳጥን ሠሩለት። «ኢርፎን ግዙለት» ያለ ጎረቤት ነበር፤ ማቲዎስ «ጆሮዬንም ከደፈንኩ ምን ቀረኝ?» አለው። ውጭ የሚንጠለጠል ስፒከርም ሽቦው ሲጎተት ይበጠሳል። ስለዚህ ድምፁ ከሳጥኗ ውስጥ መውጣት ነበረበት። ጋሽ ነስሩ ከአሮጌ ቴሌቪዥን መዳፌን የማይሞሉ ሁለት ስፒከሮች ፈቱ። አባቴ ፊተኛው ገጽ ላይ እንደ ነጠላ ጠርዝ ጥለት ሣለ፤ እኔ ሥዕሉን እየተከተልኩ በጋለ ምስማር በሳሳሁት። ድምፁ በዚያ ይወጣል፣ ማቲዎስም በጣቱ ዳብሶ ፊቷን ከጀርባዋ ይለያል።

መጀመሪያ ስትናገር ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ ነበር የምትመስለው። ጋሽ ነስሩ ብሎን አጠበቁ፣ ኮላ ቀቡ፤ ሳጥኗ ግን መንዘሯን አልተወችም። በመጨረሻ አባቴ «ባዶ ነገር ነው የሚጮኸው፣ ሙላው» ብሎ ባዘቶ አመጣ። ጥጡን በየጥጉ ጠቀጠቅነው። ድምፁ ጠራ። እናቴ ዳግመኛ እልል አለች። እኔ ከኋላ በኩል ትንሽ ማራገቢያ የሚዞርበት ቀዳዳ አየሁና አቧራ እንዳይገባባት ብዬ የተረፈውን ባዘቶ ወተፍኩበት። ማንም አላየኝም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሳጥኗ በአረፍተ ነገር መሐል ጸጥ አለች።

ማቲዎስ ሊሄድ የቀረው ሁለት ቀን ነው። ጋሽ ነስሩ ሳጥኗን ዳሰሱና «ትኩሳት አላት» አሉ። ክዳኑ ሲከፈት ያ የሞቀ እንጨት ሽታ ቤቱን ሞላው። ባዘቶዬን ከማራገቢያው ላይ በሁለት ጣታቸው አነሱ፤ ቀና ብለውም አዩኝ። አባቴ «ማነው ይኼን የወተፈው?» ሲል «እኔ ነኝ፤ እርጅና ነው» አሉት።

ከዚያ ወደ ሱቃቸው ጠሩኝ። «ነይ፣ ያፈንናትን እናስተንፍሳት።» ሳጥኗን መሐል ላይ በኮምፔንሳቶ ከፈልናት፤ አንዱ ክፍል ለስፒከሮቹና ለባዘቶው፣ ሌላው ለኮምፒውተሩና ለነፋሱ። «ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ደረሳት» አሉ ጋሽ ነስሩ። እጃቸው ከስኳር ሕመማቸው የተነሳ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሽቦ የሚያያይዙበትን የጋለ ካውያ ለእኔ ሰጡኝ። አራቱን ሽቦ እኔ ነኝ የበየድኩት።

ስናበራት ምንም አላለችም። ማቲዎስ አንገቱን አዘንብሎ ይጠብቃል። ተቃጥላለች ብዬ ክዳኑን ልከፍት ስል ማራገቢያው ዞረ፤ ቆየት ብሎም የፕሮግራሙ ሴትዮ ጥርት ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረች። ማቲዎስ ጥለቱን እየዳበሰ ስሜን ጠርቶ «ምሕረት! ይቺማ ክኒፌ አትልም!» አለ። ከሁሉም ጋር ሳቅኩ። ከዚያ ከአባቴ የሸማ ዕቃ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ደስታም ነበር፤ ግን ሥራዬን ነው የወሰደችው።

በሄደ ማግስት ደጃፍ ላይ ባዶ እጄን ተቀምጬ ሳለሁ ጋሽ ነስሩ በግድግዳው በኩል «እዚያ ሥራ የፈታ ሰው ካለ፣ እዚህ ሥራ አለ!» አሉ። እንዲህ ነው የገባሁበት።

አሁን ያ ግድግዳ የለም፤ መንገዱ ሲሰፋ ሁለቱም ቤት ፈረሰ። የአባቴ ጉልበት ሸማ ዕቃው ላይ መቀመጥ እምቢ ብሏል። ማቲዎስ አስተማሪ ሆኗል፤ ስልኩ ራሱ ያነብለታል፤ እኔ ለበዓል ሲመጣ ብቻ ነው የማየው። ሱቁ ወደ አየር ጤና ዞሮ እኔ ቀርቼበታለሁ። ጋሽ ነስሩ አፈር ከለበሱ ሁለት ክረምት አለፈ። ሚኒስትሪ ለወደቀች ልጅ የጋለ ካውያ የሚያቀብል ሰው ከየትም አይመጣም፤ እኔ ግን ሰው ፊት መናገር ስለማልችል አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳቸውም።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ጠዋት ቤታቸው ሄጄ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ደፍሬ «ጋሼ፣ ያን ቀን በባዘቶው እኔ ያጠፋሁትን...» ብዬ ጀመርኩ። እንድጨርስ አልፈቀዱልኝም። ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው «ረፍዷል እኮ» አሉኝ። «በይ ተነሺ፣ ሱቁን ክፈቺ። ሰው ቆሞ ይጠብቅሻል።»