ያልተከፈቱት ፖስታዎች

መርሳ ላይ ራቅ ወዳለ አገር የሚሄድ ሰው ዕቃዬን የት ላስቀምጥ ብሎ አይጨነቅም ነበር። ጋሽ አብዱልጀሊል አሉለት። በጦርነቱ ሰሞን ከተማው ሲሸሽ ስንቱ ሰው የቋጠረውን እሳቸው ቤት ጥሎ ሄደ፤ ሲመለስም ቋጠሮውን ራሱ እንዳሰረው ተረከበ። ለእሳቸው አደራ ማለት ይኸው ነው፤ አይነካም፣ አይፈታም። የሰው ቋጠሮ ፈትቶ ማየት ለእሳቸው ከስርቆት ብዙም አይተናነስም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ።

በአንድ የፍራፍሬ ድርጅት ሃያ ስድስት ዓመት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተዋል። ድርጅቱ የራሱ የሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ነበረው፤ ከሠራተኛው ደመወዝ ይቆረጣል፣ ድርጅቱም ድርሻውን ይጨምራል፣ አራት ባለአደራዎች ይጠብቁታል። የሠራተኛውን ወኪል ምረጡ ሲባል ሁሉም የጋሽ አብዱልጀሊልን ስም ጠራ። መጀመሪያ እጇን ያወጣችው ቡርቱካን ናት፤ የፓፓያና የማንጎ ሳጥን በማጠብ ጉልበቷን የጨረሰች፣ ባል የሞተባት፣ ልጅ የሌላት ሴት። ለእርጅናዋ ከዚያ ፈንድ ሌላ ተስፋ አልነበራትም።

በየዓመቱ የባንኩ መግለጫ በታሸገ ፖስታ ለአራቱም ይደርሳቸዋል። ጋሽ አብዱልጀሊል በሁለት እጃቸው ይቀበሉና ሳጥናቸው ውስጥ ይቆልፉበታል። አይከፍቱትም። ማንበብ አቅቷቸው እንዳይመስላችሁ፤ ቁርኣኑንም ጋዜጣውንም ያነባሉ። ስንት እንደሆነ ማየት የሰው ቋጠሮ መፍታት መስሎ ስለታያቸው ነው። እስቲ ይህን ለዳኛ ማን ያስረዳል?

የቡርቱካን ጡረታ ደርሶ ድርሻዬን ስጡኝ ብትል ፈንዱ ተራቁቷል። ድርጅቱ አራት ዓመት ሙሉ የራሱን ድርሻ አላስገባም፤ ከሠራተኛው የቆረጠውንም በልቶታል። የባለአደራዎቹ ሰብሳቢ ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ እሱ ጠፋ፣ ድርጅቱም ፈረሰ። ቡርቱካንና ጓደኞቿ አራቱን ባለአደራዎች ወልድያ ፍርድ ቤት ከሰሱ።

ጋሽ አብዱልጀሊል አልፈሩም። በቀጠሮው ቀን ፖስታዎቹን በሻሽ ጠቅልለው በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሲሪንቃ ላይ ሲደርሱ አብሯቸው የነበረውን ጠበቃቸውን ናትናኤልን «አይዞህ» ያሉት እሳቸው ናቸው። በሻሹ ምን እንደያዙ ግን አልነገሩትም። ምነው በነገሩት!

ችሎቱ ፊት ሻሹን ፈቱ።

«ክብርት ዳኛ፣ አደራዬ ይኸውላችሁ። አንዱንም አልከፈትኩትም» አሉ።

ናትናኤል ዓይኑን ጨፈነ። ዳኛዋ የመጀመሪያውን ፖስታ አስከፍተው አነበቡ፤ ድርጅቱ በዚያ ዓመት ምንም እንዳላስገባ በግልጽ ተጽፏል።

«ይህን ያኔ አንብበውት ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?»

ጋሽ አብዱልጀሊል ወረቀቱን አዩት። «እጮህ ነበር» አሉ።

«ሕጉ ከእርስዎ የሚፈልገው እሱን ነበር፣ አባቴ። ማየት፣ ድርጅቱን መጠየቅ፣ ጉድለቱን ለሠራተኛው መንገር። አለመስረቅ ብቻውን አይበቃም።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእሳቸው ዝምታ ግን ነቀዘ፤ ያውም የሰው እህል ውስጥ። አራቱም ባለአደራዎች ጉድለቱን ከግል ንብረታቸው በአንድነትና በነጠላ እንዲከፍሉ ተፈረደ። ናትናኤል በረንዳው ላይ አስቀምጦ ትርጉሙን አስረዳቸው፤ ከአራቱ ንብረት የተገኘበት የሁሉንም ይከፍላል ማለት ነው። አንዱ ጠፍቷል፣ ሁለቱ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ቤት ያላቸው ጋሽ አብዱልጀሊል ብቻ ናቸው።

«ሰብሳቢውን በኋላ ይከሱታል» አለ ናትናኤል።

«የት አግኝቼው?»

ናትናኤል ወረቀቶቹን ሰብስቦ ተነሳ። ሕጉ ልክ ነው፤ ጋሽ አብዱልጀሊልም ሌባ አይደሉም።

በሳምንቱ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቡርቱካን መጣች። ግቢ ቢሏትም በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ቤትዎ እንዳይሸጥ እንተውላቸው ያሉ አሉ። እኔም ይኸው ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«ልተውልዎት ብዬ።» የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። «አልቻልኩም። የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ጉልበቴም አልቋል። አውፍ ይበሉኝ።»

ይቅርታ መጠየቅ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጁትን ንግግር ግን ተዉት።

«ሐቅሽ ነው፤ ውሰጂው» አሏት በመጨረሻ።

ቡርቱካን ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። በእሳቸው ትከሻ ላይ አሻግራ ባለ ሁለት ክፍሉን ቤት ውስጡን አየች።

«እርስዎስ የት ይገባሉ?» አለች።

እሱን እሳቸውም አያውቁም ነበር።