የአስተርጓሚዋ ቃል

ካሳሁንና እኔ በመጨረሻ አብረን የሠራነው ተራ ነገር አንሶላ ማጠፍ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ እሱ ሁለቱን ጫፍ ያዘ፣ እኔም ሁለቱን። እንደ ልማዱ ቀድሞ ወደ እኔ መጣና አንሶላው መሬት ነካ።

"ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልቻልክበትም" አልኩት።

"አንቺ ነሽ የምትዘገዪው" አለኝ። ውጭ በረዶ ይጥላል፣ እሱን ግን ያልበው ነበር።

በአሜሪካ፣ በኮሎምበስ ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ሆኜ የገባሁት እሱን ሳላገባ በፊት ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ከበሽተኛው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ አስቀመጠችኝ። "ሐኪሙ 'እኔ' ሲል 'እኔ' በይ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ ምክር አትስጪ። ያልገባሽ ነገር ካለ ብቻ 'ይህ የአስተርጓሚዋ ቃል ነው' ብለሽ ጠይቂ" አለችኝ። ለዓመታት ከዚህ ዝንፍ አላልኩም።

በፈረንጆቹ 2020 ወግ አጥባቂው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ያወጣው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። የመንግሥት እርዳታ የተጠቀመ ሰው ግሪን ካርድ ሊከለከል ይችላል ይላል። ደንቡን ያነበበ ጥቂት ነው። ፍርሃቱ ግን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የኛ ሰው እስከሚሠራባቸው የሪከንባከር መጋዘኖች ድረስ ተዳረሰ።

በዚያው ሰሞን ጋሼ ደምሴ የሚባሉ የልብ ሕመምተኛ የመንግሥት ኢንሹራንሳቸውን ሊሰርዙ መጡ። በሽተኞችን ስለ እርዳታ የምታማክረው የክሊኒኩ ሶሻል ወርከር፣ "ግሪን ካርድዎ በእጅዎ ነው። ደንቡ እርስዎን አይነካም፣ አይሰርዙት" አለች። ቃል በቃል ተረጎምኩ።

ጋሼ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ። "እሷስ ትበል። አንቺ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?"

በሥራው ሕግ መሠረት ጥያቄያቸውን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ሶሻል ወርከሯ ፈገግ ብላ፣ "አስተርጓሚዋ ምክር አትሰጥም" አለች። እሱንም ተረጎምኩላቸው።

"በቃ፣ ገባኝ" አሉና መሰረዣውን ፈረሙ።

ካሳሁን የስኳር በሽተኛ ነበር። የሚሠራበት መጋዘን ሰዓቱን ስለቀነሰበት ኢንሱሊኑን የሚያገኘው በዚያው በመንግሥት ኢንሹራንስ ነው። ከቀድሞ ትዳሩ የወለዳት ልጁ ሕሊና አዲስ አበባ ናት፤ ሊያመጣት አመልክቶ ይጠብቅ ነበር።

"ኢንሹራንሱን ካንስል አድርጊልኝ" አለኝ አንድ ቀን።

"አንተን አይነካህም። ሶሻል ወርከሯ ብላለች።"

"ሶሻል ወርከሯ ፕሬዝዳንት ናት? ነገ የልጅቷን ፋይል ሲከፍቱ የኔን ስም ቢያገኙስ?"

"መድኃኒቱስ?"

"እቆጥበዋለሁ። ስኳር እኮ ነው እንጂ ነብር አይደለም።"

የመሰረዣ ደብዳቤውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው፤ ደብዳቤው አንድም ስህተት የለበትም። "ደንቡ አይነካዎትም" የሚለውን ቃል በክሊኒኩ ስንት ጊዜ በአፌ ብዬዋለሁ፤ ግን የሌላ ሰው ቃል ነበር። እኔም እንደ ጋሼ ደምሴ አላመንኩትም።

አንሶላውን ባጠፍን ማግስት ትንፋሹ ከበደ። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም "ኢንሱሊኑን መቀነስ የጀመረው መቼ ነው?" ሲል ጠየቀኝ። በዚያን ቀን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ካሳሁን በሦስተኛው ቀን ሞተ።

በ2021 ጸደይ አዲሱ መንግሥት ደንቡን ተወው። አመልካቹ በሕይወት ስለሌለ የሕሊናም ፋይል ተዘጋ። ስልክ ደውዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። "ደንቡ ቀርቷል አላሉም እንዴ?" አለችኝ።

ያ ፕሬዝዳንት ትቶ የሄደው የሾማቸውን ዳኞችና የድንበሩን አጥር ነው ይላሉ። እኔ የማውቀው ውርሱ የክሊኒካችን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ደንቡ ከቀረ ዓመት አልፎም፣ በ2022፣ ሰዎች "ሰርዙልን" እያሉ ይመጣሉ። ቀርቷል ሲባሉ፣ "ተመልሶ ቢመጣስ?" ይላሉ። ሊመጣ እንደሚችል እኔም አውቃለሁ።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት፣ በትክክል የተተረጎመ ቃል ሁሉ እንደማይታመን ነው።

አሁንም እዚያው ክሊኒክ አስተረጉማለሁ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠንቅቃኛለች። ኢንሹራንሱን ሊሰርዝ የመጣ ሰው ብዕር ሲያነሳ፣ "ይህ የአስተርጓሚዋ ቃል ነው" እልና ባሌ እንዴት እንደሞተ እነግረዋለሁ።