የወንዝ ዳሯ ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ዴንቨር አጠገብ ባለችው በአውሮራ ከተማ ቤተ መጻሕፍት፣ ከልጅ ልጄ ከማክዳ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጉልበቴ ምንጣፍ ከጠላ ቆይቷል፤ እሷ ደግሞ ወንበር አትወድም። ከመደርደሪያው በመረጠችው የሥዕል መጽሐፍ ሽፋን ላይ ማሰሮ የያዘች ጠይም ልጅ ወንዝ ዳር ቆማለች። ሳያት አሜሪካ የመጣንበት ዘመን ትዝ አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ገና የቪዛ ጉዳይዋ ስላላለቀ አባቴና እኔ ብቻ ሞንትቤሎ የሚባል የዴንቨር ሰፈር ተከራይተን እንኖር ነበር። ደሴ ፒያሳ ልብስ ሰፊ የነበረው አባቴ እዚህ ታክሲ ይነዳ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ክፍላችን ውስጥ ካገር ቤት የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምሳ ሰዓት ቀዝቃዛ ዳቦዬን ይዤ መስኮት ጥግ ሆኜ በረዶ አያለሁ። በረዶ ያምራል፤ ብቻውን ለሚያየው ግን ቶሎ ይሰለቻል።

መምህራችን ቅን ሴት ነበረች። ልጅ ሁሉ ራሱን መጽሐፍ ውስጥ ማየት አለበት ብላ ለእኔ አንድ ፈልጋ አመጣችና ለክፍሉ አነበበች። የሣር ጎጆ፣ ወንዝ ዳር ማሰሮ የያዘች ልጅ፣ ከዛፍ ሥር ዝሆን። ስትጨርስ ፊቷ በርቶ፣ "ያንቺም አገር እንዲህ ነው፣ አይደል?" አለችኝ። እኔ የማውቀው የደሴን ጭቃ፣ የአባቴን የስፌት መኪና ድምፅና በክረምት መንገድ ዳር የሚጠበሰውን በቆሎ ነው። ግን ይሉኝታ ያዘኝና "አዎ" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ልጆቹ ከበቡኝ። ዝሆኑ ይነክሳል ወይ? ወንዙ ሩቅ ነው ወይ? ጓደኛ አገኘሁ ብዬ ነበር፤ የሚፈልጉት ግን ያቺን ልጅ እንጂ እኔን አልነበረም። ተስፋዬን በአባቴ ላይ ጣልኩ። የወላጆች ቀን ሲመጣ ስለ ደሴ ያወራልኛል፣ ማን እንደሆንን ይነግርልኛል አልኩ።

አባቴ ራሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። መምህሯ መጽሐፉን ገልጣ፣ "ልጅህ ስለ ወንዛችሁ ነግራናለች" አለችው። ሥዕሉን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና፣ "የስ፣ የስ፣ ቢግ ሪቨር" አላት።

በኮልፋክስ ጎዳና በታክሲው ስንመለስ፣ "አባዬ፣ ለምን አዎ አልካት?" አልኩት።

"አንቺስ?" አለኝ። ትንሽ ነድቶ፣ "ሴትየዋ ለፍታ ያመጣችው ነው፤ እንዴት አሳፍራታለሁ?" አለ።

ከአባቴ ጎን ተቀምጬ የዚያን ቀን ያህል ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። እሱም ብቻውን እንደነበረ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እና ቅዳሜ ዕለት፣ ምን እንዳስጠየቀኝ እንጃ፣ ሽፋኑን እያሳየሁ፣ "ይቺ አንቺን ትመስላለች?" አልኳት።

ማክዳ አተኩራ አየቻት። "ኖ፣ እምዬ። እሷ እሷ ናት፤ እኔ ማክዳ ነኝ" አለች፣ ምንም ሳይመስላት። ቀጥላም፣ "አንቺ ትንሽ ስትሆኚ ሪቨር ነበረሽ?" አለችኝ።

"አልነበረኝም" አልኳት። "አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ደሴ ፒያሳ ነበር።"

ይህን ለመናገር ይህን ሁሉ ዘመን ፈጀብኝ። አባቴ በሕይወት ኖሮ ቢሰማኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።