በርሜሉ ውስጥ ያለው እሳት

ሰውየውን በደንብ አውቀዋለሁ ብል ዋሸሁ። የማውቀው ጎረቤቴ የሆነችው ታላቅ እህቱ የነገረችኝንና ያን ቅዳሜ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው።

የቀድሞ የእሳት አደጋ መከላከያ ባልደረቦቹ «ቱቦ» ይሉታል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የአንድ የሚነድ መጋዘን ጣሪያ ሲደረመስ እሱ ወጣ፤ ጓደኛው እዚያው ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ክብሪት ሲጫር እንኳ ላብ ያጠምቀው ነበር። እህቱ ምድጃ የምትለኩሰው እሱ ከቤት እስኪወጣ ጠብቃ ነበር።

ሥራውን ለቆ የአንድ ሆቴል መጠጥ ክፍል ዕቃ ጠባቂ ሆነ። አንድ ቀን ከውስኪ ካርቶን ውስጥ ያገኘውን ወረቀት ሲያነብ፣ ውስኪ መጀመሪያ እንደ ውሃ የጠራ እንደሆነ፣ ቀለሙን የሚሰጠው ውስጡ ሆን ተብሎ የተቃጠለ የእንጨት በርሜል እንደሆነ ተረዳ። ሆን ተብሎ! እሳትን ራሳቸው ጠርተው፣ በቃህ ብለው የሚመልሱ ሰዎች አሉ ማለት ነው። ያ ነገር ከአእምሮው አልወጣ አለ። ስለ ጥንት ውስኪና በርሜል ሠሪዎች ያገኘውን ሁሉ እያነበበ አራት ደብተር ሞላ። እህቱ ጠዋት ማታ «ውስኪ» ሲል ብትሰማ አፉን ማሽተት ጀመረች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ የምጠጣው በዓይኔ ነው» ይላታል።

የሆቴሉ ባለቤት ይህን ሰምቶ፣ ቱቦ የውስኪን ታሪክ ለእንግዶች እንዲያወራ፣ የሆቴሉ አናጢ ደግሞ በጓሮ በርሜል እንዲያቃጥል ወሰነ። አናጢው ያቀጣጥላል፤ ቱቦ እስከ ሃምሳ ቆጥሮ በውሃ ያጠፋል። «ዛሬ ከሸሸሁ፣ ዕድሜ ልኬን ስሸሽ ልኖር ነው» ብሏት ነበር እህቱን ያን ቅዳሜ ጠዋት።

እኔና እህቱ ከእንግዶቹ ጋር ጓሮው ውስጥ ተቀምጠናል። አናጢው በርሜሉ ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ጨምሮ ለኮሰ። እሳቱ አጓራ። ቁጥሩ ገና ስድስት ላይ እንዳለ የቱቦ እጅ ቀደመው፤ ባልዲውን ደፋው።

«ጋሽ ቱቦ፣ አጠቡት እኮ! ልብስ መሰለዎት?» አለ አናጢው። ጓሮው በሳቅ ተሞላ።

ቱቦ በሩን አየ። እህቱ ባዶውን ባልዲ ሞልታ አጠገቡ አስቀመጠችለት።

«ሌላ በርሜል አምጣ» አለው ቱቦ አናጢውን።

በሁለተኛው ጮክ ብሎ ቆጠረ። ሃያ ላይ የባልዲውን እጀታ ጨበጠ። ሠላሳ ላይ ዓይኑን ጨፈነ፤ እንግዶቹ አብረውት መቁጠር ጀመሩ። «ሃምሳ!» ሲል ውሃውን ለቀቀው። ጭሱ ፊቱን ሸፈነው፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ጥላሸት በለበሰ እጁ ደብተሩን ገልጦ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ፤ አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም።

ሲጨርስ ጠጋ ብዬ፣ «ሠላሳ ላይ ዓይንህን ስትጨፍን ምን አየህ?» አልኩት።

እጁን በሱሪው ጠረገና ፈገግ አለ።

«ይቺን እንኳ ለእኔ ተዋት፤ ይልቅ ክብሪቱን አቀብለኝ፣ ሦስተኛው በርሜል እየጠበቀኝ ነው።»