ከሰማያዊው ቀለም በታች

ቁልፉ ተመለሰ። የምሥራች ብያለሁ፤ «ምሥር ብላ» በሉኝና ልቀጥል። ዛሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በሰው ፊት፣ በወሰደው በራሱ እጅ ተመለሰ። የምን ቁልፍ፣ የማን ቁልፍ ትሉኝ ይሆናል፤ ደስታ አስቸኩሎኝ ነው። የሱለይማን ነው። የዋይት ሲቲው ሱለይማን፣ የሰቢሃ ባል፣ እኔ የበር ዘበኛ የሆንኩበትን የባተርሲውን ኮሌጅ ስታዲየም አሥራ አራት ዓመት ሲቀባና ሲጠግን የኖረው።

ስታዲየሙ ስምንት ሺህ ሰው ይይዛል። ተመልካች ሁሉ የሚያወድሰው ሣሩን ነው። ሱለይማን የሚያየው ግን ብረቱን ነው፤ የደረጃውን መደገፊያ፣ ምሰሶውን፣ የጣሪያውን ተሸካሚ። ከምዕራብ ጀምሮ ምሥራቅ ሲደርስ ምዕራቡ ደግሞ ዝጎ ይጠብቀዋል። ሳይሰለች ይመለሳል። ልጅነቱን የጨረሰው ደሴ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀባ ነው። ስደት ለንደን ሲያመጣው መጀመሪያ የሱቅ ካርቶን ተሸከመ፤ ኋላ እትዬ አልታየሽ፣ ያኔ የኮሌጁ ጽዳት ሠራተኛ የነበሩት፣ «እኔ እዋሰዋለሁ» ብለው አስገቡት።

አንድ ልማድ አለው። በምሥራቁ መቀመጫ ሥር ካሉት ምሰሶዎች በአንዷ ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ሆን ብሎ የሚተዋት ቦታ አለች። የመጀመሪያው ዓመት ቀለም አንድ ጣት ያህል ሳይሸፈን ይቀራል፤ የሁለተኛው ዓመት ከዚያ ይጀምርና እሱም አንድ ጣት ይቀርለታል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሦስት ቀለም እንደ ደረጃ ተደርድሯል። «ምስክር» ይላታል። የደሴው ጌታው ነው ያስተማረው፤ ባለመኪናው ሲክድህ የሚናገርልህ ይኑር ብሎ።

አዲሱ ማናጀር ሚስተር ፔሪ ይህችን ቦታ ገና እንደመጣ አይቶ፣ ረስተሃልና ቀባት አለው። ሱለይማን እሺ አለ። ግን ሳይቀባት ተዋት።

ባለፈው ነሐሴ ኮሌጁ አረንጓዴውን ብረት ሁሉ ሰማያዊ ለማድረግ ወሰነ። እንግዶች ዓርብ ይመጣሉ ተባለ። ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጤዛው ገና ሲያበራ ፔሪ ጀምር አለው። ሱለይማን የእጁን ጀርባ ብረቱ ላይ አስደገፈና እርጥብ ነው፣ ፀሐይ ይምታው፣ አምስት ሰዓት ላይ እጀምራለሁ አለ። ፔሪ ቀለም ቀለም ነው አለ። ሱለይማንም ብሩሹን ባልዲው ላይ አጋድሞ ቆመ። «ቀለም ውሃ ላይ አይቀመጥም» አለው፤ እኔ በሩ ጋ ሆኜ ሰምቻለሁ። ፔሪ እጁን ዘርግቶ የቀለም ማከማቻውን ቁልፍ ተቀበለውና ከውጭ ለቀጠራቸው ቀቢዎች ሰጠ። ሦስት ቀን አልፈጀባቸውም። ሳያጸዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሳይፍቁ፣ ጤዛው ላይ ደፉት።

ዓርብ ዕለት ያምር ነበር፤ አልዋሽም። በታኅሣሥ ግን ሰማያዊው እንደ ፎረፎር ይረግፍ ጀመር። የአንድ ተጫዋች እናት ነጭ ካፖርት ለብሳ መደገፊያውን ተደግፋ፣ ሰማያዊ ተዥጎርጉራ ሄደች። እሷ ከሰሰች። ከዚያ ከኮሌጁ ሌተር፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ መጣ፤ ለፔሪ አይደለም፣ ለሱለይማን። ከሥር ያለው የአሥራ ሦስት ዓመት ሥራ በአግባቡ ስላልተሠራ አዲሱ ቀለም ሊይዝ አልቻለም፣ ስለዚህ ቀርበህ አስረዳ፣ ከሥራ ልትሰናበት ትችላለህ ይላል።

እትዬ አልታየሽ ይህን ሲሰሙ ከኬንቲሽ ታውን ቤቱ ድረስ መጥተው፣ እኔም ባለሁበት ለመኑት። የፈረንጅ ሌተር አይረታም፣ ይቅርታ ብለህ ተገላገል አሉት። ሰቢሃም አንገቷን ደፍታ ያንኑ የምታስብ ትመስል ነበር። እሱ ሻይ ቀዳላቸውና እንዲህ አለ፦

«እትዬ፣ እርስዎ የተዋሱት ሰው ያላጠፋውን አጠፋሁ ካለ፣ ዋስትናዎ ምኑ ላይ ነው?»

ተቆጥተው ሄዱ። እኔም ለራሴ፣ ይሄ ሰው ደረቅነቱ እንጀራውን ሊያሳጣው ነው አልኩ።

ሌተሩ ባልደረባ ይዘህ መቅረብ ትችላለህ ስለሚል ዛሬ ጠዋት አብሬው ገባሁ። ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች ቀጭን ሴት ናት። ፔሪ ከጎኗ። ወንበር ላይ ደግሞ ሌላ ሰው፤ አስተርጓሚ ነው ተባለ። ሱለይማን ሰውየውን በትሕትና እጅ ነስቶ ወደ ሰብሳቢዋ ዞረና በእንግሊዝኛ፣ «አሥራ አራት ዓመት ስታዙኝ አስተርጓሚ አላመጣችሁም። ዛሬ እኔ ልናገር ስል ለምን አስፈለገ?» አላት። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። እሱም እዚህ ወረቀት ላይ የማሳያችሁ የለኝም፣ ምስክሬ ውጭ ቆሟል፣ እንሂድ አለ።

ሄድን። ምሰሶዋ ጋ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ ፈለግኳት። የለችም። ምስክሯ የለችም። ፔሪ ቀቢዎቹን አዝዞ እሷንም በሰማያዊ አስደፍኗታል። «የት አለ ታዲያ የተባለው ማስረጃ?» አለና ሰብሳቢዋን ፈገግ ብሎ አያት።

ሱለይማን ግን ተንበረከከ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ከሰማያዊው ጠርዝ ሥር አስገብቶ ወደ ላይ ሳበው። ልክ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ተላቀቀ፤ መዳፍ የሚያህል፣ በአንድ ሉክ። ከሥሩ አሥራ ሦስቱ ቀለም እንደተደረደረ ወጣ፤ ግራጫው፣ ነጩ፣ አረንጓዴው፣ ሌላው አረንጓዴ፣ አንዱም ሳይነካ። ደፍነዋት ኖሮ እነሱው ጠብቀውለታል።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለ የላጠውን እያሳየ። «ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የእኔ ነው። ሞክሩት።»

ሰብሳቢዋ እውነትም የቤቷን ቁልፍ አውጥታ ፋቀችው። ደጋግማ ፋቀችው። የቁልፏ ጫፍ አበራ እንጂ ቀለሙ አልተነሳም። ከዚያ ፔሪን፣ ብረቱ ሲቀባ እርጥብ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ፔሪ ሣሩን ያይ ጀመር።

ሌተሩ እዚያው ቆመን ተሰረዘ። ሴትዮዋ ከፔሪ የማከማቻውን ቁልፍ ተቀብላ ለሱለይማን ዘረጋችለት። እሱ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። በቃ፣ አሁን አበላሸው ብዬ ኮቱን ጎተትኩት። አልሰማኝም።

«ከወሰደው እጅ ነው የምቀበለው» አለ። «ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ብረቱ ደርቋል የምለው እኔ ነኝ።»

  ሴትዮዋ ቁልፉን ለፔሪ መለሰችለት፤ ፔሪም፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ሁለት እርምጃ ተራምዶ በሱለይማን መዳፍ ላይ አስቀመጠው። የምትለውም ይጻፋል አለች እሷ። ጻፈችው፤ አይቻለሁ።

ሱለይማን ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወዲያው የእጁን ጀርባ መደገፊያው ላይ አስደገፈ። ዛሬም እርጥብ ነው አለና ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ያቺን የተላጠች ሰማያዊ ቀለም ለምኜ ወስጄ ፖስታ ውስጥ አድርጌያታለሁ። እትዬ አልታየሽ በስልክ ቢነገራቸው አይሰሙም፤ ቢሰሙም አያምኑም፤ በእጃቸው ካልዳሰሱ ለእሳቸው ነገር አይደለም። ባቡሩ ሰባት ደቂቃ ነው የቀረው፣ ጫማዬንም አላሰርኩም። ዋስትናዎ አላፈረም፣ እንኩ ይዳስሱት ልላቸው ነው፤ ሄድኩ።